ቡድን የሚገዛ ነው ወይስ የሚያድግ?

(ስለ ሐዋሳ ከተማ የእግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች አመራረጥ)

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የእግር ኳሱም ውድድር ያበቃል። ሜዳው ሣር ያበቅላል፤ ተጫዋቹም ወደ ዘመዶቹ ይሄዳል። ነገር ግን በከተማችን በሐዋሳ ሌላው ጨዋታ የሚጀመረው ገና ያን ጊዜ ነው። ይኸውም ኳስ የሌለበት፥ ዳኛም በፊሽካ የማያስቆመው የደጋፊዎች ክርክር ነው። «እገሌ ለእኛ ፈረመ»፥ «እገሌ ጥሎን ሄደ»፥ «ዘንድሮ አጥቂ የለንም» እየተባለ በሻይ ቤቱ፥ በባጃጁ፥ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሳይቀር ይነገራል።

እኔም ባለፈው ክረምት ፀጉሬን ለመስተካከል በገባሁበት ቤት እንዲህ ያለ ክርክር ሰማሁ። አንደኛው ተከራካሪ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ሲሆን፥ ሁለተኛው በጡረታ ላይ ያሉ መምህር ነበሩ።

«ጋሼ፥ ዘንድሮ ሁለት አጥቂና አንድ ተከላካይ ካልተገዛ አለቀልን» አለ ወጣቱ።

«ልጄ፥ አጥቂ እንደ ቲማቲም በኪሎ ተመዝኖ አይገዛም። ደግሞስ በየዓመቱ እየገዛን መቼ ጠገብን?» አሉ መምህሩ።

«ታዲያ ምን ይደረግ? እርስዎ የሚያወሩት የድሮውን ነው። እንደ ድሮዎቹ ያሉ ልጆች ዛሬ በከተማው የሉም።»

«የሉም አትበል ልጄ። አላየናቸውም በል።»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቁሞ ሳቀ። እኔ ግን ሁለቱም እውነት የተናገሩ ስለ መሰለኝ ለማን እንደምፈርድ አጥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስመረምር፥ ብዙዎቻችን ስለ ቡድን የምንከራከረው ቡድን እንዴት እንደሚሠራ ሳናውቅ መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ ያገኘሁትን ያህል በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ።

ቡድን ማለት ምን ማለት ነው?

በሜዳ ላይ የሚታዩት 11 ተጫዋቾች ናቸው። ሆኖም 11 ሰው ይዞ ዓመቱን የሚጨርስ ክለብ የለም። ሊጉ በ16 ክለቦች በሚካሄድበት ጊዜ አንድ ክለብ በዓመት 30 ጨዋታ ያደርጋል። በዚህ ሁሉ ጨዋታ መካከል አንዱ ጉልበቱን ይጎዳል፤ ሁለተኛው በቀይ ካርድ ይታገዳል፤ ሦስተኛው ይታመማል። በአንድ ጨዋታም እስከ 5 ተጫዋች መቀየር ስለ ተፈቀደ፥ በተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው እንደ ዱሮው ተመልካች ብቻ አይደለም።

ስለዚህ አንድ አሠልጣኝ በመጀመሪያ የሚያስበው ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሰው ማግኘትን ነው። ይህም 22 ይሆናል። ሦስተኛ በረኛ ሲጨመር 23 ይሆናል። ከዚህ በላይ ነገ የሚደርሱ ሁለት ሦስት ወጣቶች ይታከሉበታል። እንግዲህ «አጥቂ ይገዛ» ከማለታችን በፊት፥ በእያንዳንዱ ቦታ ማን እንዳለና ማን እንደ ጎደለ በወረቀት ላይ ጽፈን ማየት ይገባናል። እኔ ይህን ከጓደኞቼ ጋር በደብተር ላይ ሠርተን ስናየው፥ አጥቂ ጎደለ እያልን ስንጮህ የነበረው ሁሉ ስሕተት ሆኖ አገኘነው። ያላየነው ጉድለት በግራ በኩል ነበር፤ በዚያ ቦታ አንድ ተከላካይ ብቻ ነበረና። ኳሱ ከኋላ በደንብ ካልወጣ ደግሞ አጥቂው ምን ሊያደርግ ይችላል?

ሁለተኛው የሚታሰበው ዕድሜ ነው። ጥሩ ቡድን እንደ ጥሩ ቤተ ሰብ ነው፤ ታላቅም ታናሽም ይኖርበታል። ከ20 ዓመት በታች ያለው ጉልበትና ፍጥነት አለው፥ ነገር ግን ይቸኩላል። በ25 ዓመት አካባቢ ያለው የቡድኑ ምሰሶ ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሆነው እግሩ ቢዘገይም ዓይኑ ይፈጥናል፤ ታናናሾቹንም ይመክራል። ሁሉም ምሰሶ በሆኑበት ዓመት ዋንጫ ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ቀን ያረጃሉ። ያን ጊዜ ክለቡ እንደገና ከመሠረቱ ለመጀመር ይገደዳል።

ሦስተኛው የሸክም ክፍፍል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለ፥ ግብ ማግባት በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ብቻ የተጣለበት ቡድን ያ ሰው የታመመ ዕለት ይወድቃል።

ተጫዋች በስንት በር ይገባል?

ወደ አንድ ክለብ የሚያስገቡ በሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው በር የክለቡ የራሱ የወጣቶች ቡድን ነው። ልጁ በሰፈር ሜዳ፥ በትምህርት ቤት ውድድር ወይም በታዳጊዎች ፕሮጀክት ይታያል፤ ከ20 ዓመት በታች ባለው ቡድን ይገባል፤ ከዚያም ወደ ዋናው ቡድን ያድጋል። የዚህ በር ጥቅሙ ብዙ ነው። ወጪው ያነሰ ነው፤ ልጁ ከተማውን ያውቃል፤ ደጋፊውም ልጁን ከነእናቱ ያውቀዋል። ጉዳቱ ደግሞ ጊዜ መፈለጉ ነው። ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ ይደርሳሉ፤ የትኛው እንደሚደርስም አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ ነገር ግን ዕንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ የሚታገሥ ደጋፊና የክለብ ኃላፊ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው በር ከሌሎች ክለቦች ማስፈረም ነው። በአገራችን የብዙ ተጫዋቾች ውል የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ብዙ ተጫዋች ውሉ ያልቅና ገበያ ይወጣል። ክለቡ የፊርማ ገንዘብና ደመወዝ አቅርቦ ይወስደዋል። የዚህ በር ጥቅም ፍጥነቱ ነው፤ ዛሬ የፈረመ ተጫዋች በጥቅምት ሜዳ ላይ ይታያል። ጉዳቱም ያው ፍጥነቱ ነው፤ በአንድ ቀን የመጣ በአንድ ቀን ይሄዳልና። ይልቁንም ውሉ አልቆ የሚሄድ ተጫዋች ለለቀቀው ክለብ የዝውውር ዋጋ አያስገኝም። ክለቡ አንድ ዓመት አብልቶ አልብሶ ባዶ እጁን ይቀራል።

ሦስተኛው በር ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። በዚህ በር ብዙ ጊዜ የሚገቡት በረኞችና አጥቂዎች ናቸው። ሁሉም እንግዳ ግን ገንዘብ ብቻ ፈልጎ የመጣ ነው ማለት አይገባም። ለምሳሌ ያህል ኤርትራዊው አጥቂ አሊ ሱሌይማን ከባሕር ዳር ከተማ ወደ ሐዋሳ ከተማ መጥቶ፥ የከተማው ሕዝብ እንደ ራሱ ልጅ በስሙ የሚጠራው ተጫዋች ሆኖ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ከየት መጣ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን፥ «መጥቶ ምን ሞላ?» የሚለው ጭምር መሆን አለበት።

ገንዘቡ የማን ነው?

በእንግሊዝና በስፔን ያሉ ክለቦች በባለ ሀብቶች ወይም በአባላት የተያዙ ናቸው። በአገራችን ግን የአብዛኞቹ ክለቦች ወጪ የሚሸፈነው በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች ነው። የሐዋሳ ከተማ ክለብም የሚደገፈው በከተማው አስተዳደር በጀት ነው። ይህ ማለት ለአንድ አጥቂ የሚከፈለው የፊርማ ገንዘብ ለመንገድ፥ ለውኃና ለትምህርት ቤት ከሚወጣው ጋር ከአንድ ከረጢት የሚወጣ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በፀጉር ቤቱ ውስጥ ያለው ክርክር የወሬ ሱሰኞች ክርክር ብቻ አይደለም፤ ባለ ገንዘቡ ስለ ገንዘቡ የሚያደርገው ምክር ነው።

የተጫዋቾች ክፍያ እየናረ ስለ ሄደ፥ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወስነው ነበር። የውሳኔው አሳብ መልካም ነበር። ነገር ግን ደመወዝ ቢወሰንም ክለቦች ኮከብ ለመሳብ የሚሽቀዳደሙበትን ምክንያት ውሳኔው አላስቀረውም፤ ምክንያቱም ሁሉም የሚፈልገው ያንኑ ጥቂት የታወቀ ተጫዋች ነው። ብዙ ገዢ ጥቂት ዕቃ በሚፈልግበት ገበያ ዋጋ እንደሚንር በኢኮኖሚክስ ትምህርት ተምረናል። ዋጋው እንዲወርድ ከተፈለገ ገዢውን ማሰር ብቻ ሳይሆን ተጫዋቹን ማብዛት ያስፈልጋል፤ ይህም የሚሆነው ወጣቶችን በማሠልጠን ነው።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር ጨዋታዎቹን በቴሌቪዥን ለማስተላለፍ ከመልቲቾይስ ኩባንያ ጋር የ5 ዓመት ውል ተዋዋለ፤ የውሉም ዋጋ 68 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ተነገረ። በዚህም ክለቦች አዲስ ገቢ አገኙ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጨዋታዎቹ ለቴሌቪዥኑ እንዲመቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች በየተራ ይካሄዱ ስለ ነበር፥ ደጋፊው ቡድኑን በራሱ ሜዳ የሚያይበት ቀን አነሰ። ሰው ቡድኑን በአካል ሲያይ የወጣቱን ዕድገት ይከታተላል፤ በወሬ ብቻ ሲሰማ ግን የሚያውቀው የታወቀውን ስም ነው። የታወቀ ስም ይገዛ የሚለው ጩኸት የበረታው በከፊል ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ያለፈው ታሪክ ምን ይላል?

የፕሪሚየር ሊጉ ውድድር በአሁኑ መልኩ ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. አንሥቶ ዋንጫው ለ6 ዓመት ያህል ከአዲስ አበባ አልወጣም ነበር። አንድ ጊዜ መብራት ኃይል፥ አንድ ጊዜ ቅዱስ ጊዮርጊስ እየተባለ ይወሰድ ነበር። ይህን ልማድ የሰበረው የእኛ ከተማ ነው። አዋሳ ከነማ በ1996 ዓ.ም. ዋንጫውን ወሰደ፤ በ1999 ዓ.ም.ም ደገመው። «ከነማ» የሚለው ቃል «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው የተውጣጣ ነው። እንግዲህ የቡድኑ ስም ራሱ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ይናገራል።

በዚያ ዘመን ከከተማችን የወጡትን ተጫዋቾች ስናስብ የመምህሩ ቃል ትዝ ይለናል። ሙሉጌታ ምሕረት በሐዋሳ ያደገ አማካይ ነው። ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለብሔራዊ ቡድናችን ተጫወተ፤ ኋላም አሠልጣኝ ሆኖ ወደዚሁ ክለብ ተመለሰ። አዳነ ግርማም የሐዋሳ ልጅ ነው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰችበት ጊዜ፥ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በኔልስፕሩት ከተማ ከዛምቢያ ጋር ተጫወተች። ዛምቢያ በዚያን ጊዜ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። የእኛ በረኛ በቀይ ካርድ ወጥቶ ቡድናችን በ10 ሰው ቀርቶ ነበር፤ አንድ ለባዶም ይመራ ነበር። በዚያ ጭንቅ ሰዓት ግቡን አግብቶ ጨዋታውን አንድ ለአንድ ያደረገው አዳነ ነው። ሽመልስ በቀለም በሐዋሳ ተወልዶ፥ በሐዋሳ ክለብ ጀምሮ፥ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሄደ በኋላ እስከ ግብፅ ድረስ ተሻግሮ በፔትሮጄት ክለብ ለዓመታት ተጫውቷል።

የሴቶቹን ቡድን መርሳት አይገባም። ሎዛ አበራ ዱራሜ ተወልዳ በሐዋሳ ከተማ የሴቶች ቡድን ተጫወተች። ከዚያም በደደቢት፥ በስዊድን፥ በማልታና በአሜሪካ ክለቦች ተጫውታለች። እኅቶቻችን በትምህርት ቤታችን ሜዳ ሲጫወቱ «ይህ የወንዶች ነው» የሚሉ ልጆች ይህን ታሪክ ቢያስተውሉ መልካም ነው።

ከዚህ ሁሉ ስም አንድ ነገር እንማራለን። እነዚህ ተጫዋቾች ተገዝተው የመጡ ሳይሆኑ እዚሁ የታዩ ናቸው። ሁለተኛም ነገር እንማራለን፤ ሁሉም ሄደዋል። ከተማችን ተጫዋች የማፍራት ችግር የለባትም፤ ችግሩ ያፈራችውን የማቆየትና ሲሄድም ተገቢውን ጥቅም የማግኘት ነው።

በሌላው በኩል የጅማ አባ ጅፋርን ታሪክ እንመልከት። ይህ ክለብ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፥ በ2010 ዓ.ም. ዋንጫውን ወሰደ። ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢም የዓመቱ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። ይህ ታላቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን አጥቂው ወደ ሌላ አገር ሄደ፤ ክለቡም በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። በ4 ዓመት ውስጥ ከላይኛው ደረጃ ወደ ታች ማለት ነው። ይህን የምጠቅሰው ጅማን ለመንቀፍ አይደለም። ዋንጫ በፍጥነት ሊገኝ እንደሚችል፥ በፍጥነት የተገኘው ግን ሥር ካልሰደደ እንደማይቆይ ለማሳየት ነው።

በሌላው ዓለም እንዴት ይደረጋል?

እ.ኤ.አ. በ1967 የስኮትላንድ ክለብ ሴልቲክ በሊዝቦን ከተማ የኢጣሊያውን ኢንተር 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። የሚያስደንቀው ነገር 11ዱም ተጫዋቾች ከክለቡ ሜዳ በ30 ማይል ክልል ውስጥ የተወለዱ መሆናቸው ነው። ይህ በግምት ከሐዋሳ እስከ ይርጋለም ያለው ርቀት ያህል ነው። በስፔንም አትሌቲክ ቢልባኦ የሚያሰልፈው በባስክ አገር የተወለዱትን ወይም እዚያ ያደጉትን ብቻ ነው፤ ሆኖም ከስፔን አንደኛ ደረጃ ወርዶ አያውቅም።

የአውስትራሊያ ሰዎች ደግሞ ሌላ ብልሃት አላቸው። በዚያ አገር የሚወደደው የእግር ኳስ ጨዋታ ከእኛ የተለየ ነው፤ ሜዳው እንደ ዕንቁላል ሞላላ ሲሆን ከእያንዳንዱ ቡድን 18 ሰው ይሰለፋል፤ ኳሱንም በእጅ መያዝ ይፈቀዳል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ወጣት ተጫዋቾች በየተራ ይመረጣሉ። የመጀመሪያውን ተራ የሚያገኘው በዓመቱ የመጨረሻ የወጣው ክለብ ነው፤ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ይመርጣል። ክለቦች ለተጫዋቾች የሚያወጡት ጠቅላላ ገንዘብም የተወሰነ ነው። በዚህ ምክንያት ሀብታሙ ክለብ ሁሉን ጠቅልሎ ለመውሰድ አይችልም። ከዚህም በቀር አባቱ ለአንድ ክለብ 100 ጨዋታ የተጫወተለት ልጅ፥ ያ ክለብ እርሱን ለመውሰድ ቅድሚያ የሚያገኝበት ደንብ አለ። የአውስትራሊያ ደጋፊዎችም እንደ እኛው «ወጣት እንውሰድ ወይስ የደረሰ ተጫዋች?» እያሉ ዓመት ሙሉ ይከራከራሉ። የሰው ጠባይ አንድ ነው።

የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋም ለአሠልጣኝ ክለቦች የሚጠቅም ደንብ አለው። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በዋጋ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር፥ ከዋጋው ከመቶ 5 እጁ ከ12 ዓመቱ እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ነገር ግን ይህን ለማግኘት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፥ ልጁ በየዓመቱ በየትኛው ክለብ እንደ ነበረ የሚያስረዳ መዝገብ መኖር አለበት። ሁለተኛ፥ ውሉ ረዘም ያለ መሆን አለበት፤ ውል ያለቀበት ተጫዋች ዋጋ የለውምና። እንግዲህ አንድ ደብተርና አንድ ብዕር ለአንድ ክለብ ከአንድ አጥቂ ያላነሰ ሊጠቅሙት ይችላሉ ማለት ነው።

እንግዲህ ማን ልክ ነው?

ባጃጅ ነጂው ወጣት ልክ ነው፤ ምክንያቱም ሊጉ አይጠብቅም። ቡድን በልጆች ብቻ ተሞልቶ ከወረደ፥ ልጆቹ ራሳቸው የሚጫወቱበትን ትልቅ መድረክ ያጣሉ። ለወጣቶቹ ጥላ የሚሆን የበሰለ ተጫዋች ማስፈረም አስፈላጊ ነው።

መምህሩም ልክ ናቸው፤ ምክንያቱም ግማሹን ቡድን በየክረምቱ የሚለውጥ ክለብ በየዓመቱ እንደ አዲስ ተማሪ ከ«ሀ» ይጀምራል። ተጫዋቾቹ ሲተዋወቁ ዓመቱ ያልቃል፤ ሲግባቡ ውላቸው ያልቃል። በቤት የበቀለውን ትቶ ከሩቅ የታወቀውን ብቻ መፈለግ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ነው።

በእኔ አስተያየት የሁለቱ ክርክር የሚታረቀው ጥያቄውን ስንለውጥ ነው። «ማንን ገዛን?» ብለን ብቻ ከምንጮህ ይልቅ፥ በየክረምቱ የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች ብንጠይቅ ይሻላል፦

1ኛ. ባለፈው ዓመት ከነበሩት ተጫዋቾች ስንቶቹ ቆዩ?

2ኛ. ከወጣቶቹ ቡድን ስንት ልጅ ወደ ዋናው ቡድን አደገ? ካደጉትስ ስንቶቹ በእርግጥ ተሰለፉ?

3ኛ. የፈረመው ተጫዋች የሚሞላው ቦታ በእርግጥ የጎደለ ነው ወይስ ስሙ ስለ ታወቀ ብቻ መጣ?

4ኛ. የወጣቶቻችን ውል ለስንት ዓመት ነው?

5ኛ. የሄደው ተጫዋች ሲሄድ ለክለቡ ምን ተረፈ?

እነዚህን የሚጠይቅ ደጋፊ ክለቡን ይረዳል። አንድ ጨዋታ በተሸነፍን ቁጥር አሠልጣኝ ይባረር፥ ወጣቱ ይውጣ የሚል ደጋፊ ግን፥ ሳያውቀው ኃላፊዎቹን ወደ ገበያ ይገፋቸዋል። የ18 ዓመት ልጅ በመጀመሪያ ጨዋታው ኳስ ሲስት በፉጨት ከሰደብነው፥ በሚቀጥለው ሳምንት አሠልጣኙ ፈርቶ የ32 ዓመቱን ያሰልፋል። ከዚያ በኋላ «ወጣት የለንም» ብለን ብንናገር ጥፋቱ የማን ነው?

ለእኛ ለተማሪዎች

በመጨረሻ ስለ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ልናገር። ይህ ልጅ በክፍላችን ውስጥ በኳስ የሚደርስበት አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው በሌላ ከተማ ያለ ክለብ መልእክተኛ መጥቶ የአንድ ዓመት ውል እንዲፈርም ጠየቀው። እናቱ «ልጄ፥ ፈተናህን ጨርሰህ ሂድ» ብለው ለመኑት፤ እርሱ ግን ትምህርቱን አቋርጦ ሄደ። ጥቂት ወራት ደመወዝ ተቀበለ፤ ከዚያ ደመወዙ ቆመ። ቁርጭምጭሚቱን ሲጎዳም የሚያሳክመው ጠፋ። ዓመቱ ሲያልቅ ውሉ አልታደሰለትም። ዛሬ ተመልሶ ከእኛ በሁለት ክፍል ዝቅ ብሎ ይማራል። ኳሱን አልተወም፤ ማታ ማታ በታቦር ተራራ ሥር ከታናናሾቹ ጋር ይጫወታል፤ እኔም አንዳንድ ቀን ሄጄ አየዋለሁ። አሁንም የሚደርስበት የለም።

«ይቆጭሃል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«መሄዴ አይቆጨኝም። የፈረምሁትን ወረቀት ሳላነብ መፈረሜ ግን ይቆጨኛል» አለኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከመካከላችን ነገ ለከተማችን ቡድን የሚሰለፉ እንዳሉ አልጠራጠርም። ስለዚህ ኳስ የምትጫወቱ ትምህርታችሁን አትተዉ፤ ውል ሲቀርብላችሁ በወላጅና በሚያውቅ ሰው ፊት አንብባችሁ ፈርሙ። የማትጫወቱም በሰፈራችሁ ጎበዝ ልጅ ስታዩ ስሙን፥ ዕድሜውንና የሚጫወትበትን ቦታ ጽፋችሁ ለስፖርት መምህራችን ስጡ። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ይህን ጽሑፍ ከጨረስሁ በኋላ ወደዚያው ፀጉር ቤት ተመልሼ ነበር። መምህሩንና ባጃጅ ነጂውን ግን አላገኘኋቸውም። ፀጉር አስተካካዩን ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ ያንን ልጅ በባጃጁ አስጭነውት ሄዱ። ታቦር ሥር አንድ ግራ እግር ተከላካይ አለ፤ መጥተህ እየው ብለው።»